ጃኪ ሮቢንሰን፦ በንዑስ ሊግ የተዘጋውን በር በዚያው ሊግ ያስከፈተው ተጫዋች

እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ኦክቶበር 4 ቀን 1946 በካናዳዋ ሞንትሪያል ከተማ አንድ ጥቁር ወጣት በጎዳና ላይ ይሮጥ ነበር። ከኋላው ነጮች የሚበዙበት ሕዝብ እየጮኸ ይከተለዋል። በዚያ ዘመን እንዲህ ያለ ትዕይንት የተመለከተ ሰው መጀመሪያ የሚጠረጥረው ክፉ ነገር ነው። በአሜሪካ ደቡባዊ ግዛቶች ጥቁሮችን አሳድዶ በገመድ መስቀል ገና ያላከተመ ግፍ ነበርና። በዚያ ዕለት ግን ሕዝቡ ወጣቱን የሚያሳድደው ሊያቅፈውና በትከሻው ሊሸከመው ነበር። ትዕይንቱን የዘገበ የዘመኑ ጋዜጠኛም ይህንን ተቃርኖ ሳያነሣ አላለፈም።

ወጣቱ ጃኪ ሮቢንሰን ይባላል። ስሙ ዘወትር የሚነሣው ከዚያ በሚቀጥለው ዓመት በኒው ዮርክ ከተማ ብሩክሊን በሠራው ታሪክ ነው። በ1947 ለብሩክሊን ዶጀርስ ተሰልፎ ከስድሳ ዓመታት በላይ ለነጮች ብቻ ሆኖ በኖረው የአሜሪካ ዋና የቤዝቦል ሊግ የተጫወተ ጥቁር ሆነ። ይሁን እንጂ ለዚያ ቀን ያበቃው ፈተና የተካሄደው ብዙዎች በማያስታውሷቸው በንዑሳን ሊጎች ሜዳዎች ነበር። አንዳንዶቹ ሜዳዎች በራቸውን ቆለፉበት፤ ሌሎቹ ደግሞ ከፈቱለት።

ከጆርጂያ የተነሣ ቤተሰብ

ጃክ ሩዝቬልት ሮቢንሰን ጃንዋሪ 31 ቀን 1919 በጆርጂያ ግዛት ካይሮ በምትባል ከተማ አቅራቢያ ተወለደ። ወላጆቹ በሰው መሬት ላይ እያረሱ ምርቱን ከባለ መሬቱ ጋር የሚካፈሉ ገበሬዎች ነበሩ። ለአምስት ልጆች የመጨረሻው የሆነው ጃኪ ገና ሕፃን ሳለ አባቱ ቤተሰቡን ጥሎ ሄደ። እናቱ ማሊ በ1920 አምስቱን ልጆቿን ይዛ በባቡር ወደ ካሊፎርኒያ ተጓዘች፤ በፓሳዴና ከተማም በሰው ቤት እየሠራች አሳደገቻቸው። ቤተሰቡ ነጮች በሚበዙበት ሠፈር ቤት በያዘ ጊዜ ጎረቤቶቹ አልተቀበሉትም። ማሊ ግን ከዚያ ቤት አልለቀቀችም።

ታላቅ ወንድሙ ማክ በ1936ቱ የበርሊን ኦሊምፒክ በ200 ሜትር ሩጫ ከጄሲ ኦወንስ ቀጥሎ ገብቶ የብር ሜዳሊያ አገኘ። ወደ ፓሳዴና ሲመለስ የጠበቀው ሥራ ግን ጎዳና መጥረግ ነበር። ለታናሹ ለጃኪ የዚህ ትርጉም ግልጽ ነበር፤ ሜዳሊያ ብቻውን የሰውን ልጅ ከመድልዎ አያድንም።

ጃኪ በሎስ አንጀለሱ የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ በአራት የስፖርት ዓይነቶች ዩኒቨርሲቲውን ወክሎ በመወዳደር የመጀመሪያው ሆነ። እነርሱም የአሜሪካ እግር ኳስ፣ ቅርጫት ኳስ፣ አትሌቲክስና ቤዝቦል ነበሩ። በ1940 በርዝመት ዝላይ የአገሪቱ ዩኒቨርሲቲዎች አሸናፊ ሆኗል። ከአራቱ ሁሉ ደካማ ውጤት ያስመዘገበው በኋላ ስሙን ባስጠራው በቤዝቦል ነበር። የወደፊት ባለቤቱን ሬቸልን ያወቃትም በዚያው ዩኒቨርሲቲ ነው።

ሁለተኛው የዓለም ጦርነት ሲመጣ ለውትድርና ተጠርቶ በ1943 ምክትል መቶ አለቃ ሆነ። በሐምሌ 1944 በቴክሳስ ግዛት ፎርት ሁድ በሚገኘው የጦር ሰፈር፣ በወታደሮች አውቶቡስ ላይ ሳለ ሾፌሩ ወደ ኋላ ወንበር እንዲሄድ አዘዘው። ሮቢንሰን እንቢ አለ። በዚህ ሰበብ ጦር ፍርድ ቤት ቀረበ፤ ፍርድ ቤቱም በነጻ አሰናበተው። ይህን እንቢታ ማስታወስ ይገባል። ከሁለት ዓመት በኋላ በሌላ አውቶቡስ ላይ ተመሳሳይ ትእዛዝ ይጠብቀዋልና።

በ1887 የተዘጋው በር

የአሜሪካ ቤዝቦል አደረጃጀት በእግር ኳስ ከለመድነው ይለያል። በእግር ኳስ በታችኛው ዲቪዚዮን ያሸነፈ ቡድን ወደ ላይ ያድጋል። በቤዝቦል ግን የሚያድገው ተጫዋቹ ብቻ ነው። ከዋናው ሊግ በታች በየአካባቢው የሚካሄዱ ንዑሳን ሊጎች አሉ። በእነዚህ የሚጫወቱ የትንንሽ ከተሞች ቡድኖች ብዙዎቹ ለትልልቆቹ ቡድኖች ተጫዋች የሚያበስሉ ናቸው። ወጣቱ እዚያ ይፈተናል፤ ከተሳካለት ወደ ላይ ይጠራል፤ ካልሆነም በዚያው ተረስቶ ይቀራል።

ከነዚህ ንዑሳን ሊጎች ከፍተኛ ደረጃ ከነበራቸው አንዱ ኢንተርናሽናል ሊግ ነው። በዚህ ሊግ በ1887 ጥቁር ተጫዋቾች ነበሩ። ለኒውአርክ ሞሰስ ፍሊትውድ ዎከርና ጆርጅ ስቶቬ፣ ለቡፋሎ ፍራንክ ግራንት፣ ለቢንግሃምተን ደግሞ ቡድ ፋውለር ይጫወቱ ነበር። በሐምሌ 14 ቀን የሊጉ ባለቤቶች በቡፋሎ ከተማ ተሰብስበው ከእንግዲህ ከጥቁር ተጫዋቾች ጋር አዲስ ውል እንዳይፈረም በድምፅ ብልጫ ወሰኑ። ዎከር በሲራኪዩስ ከተማ ቡድን እስከ 1889 ከቆየ በኋላ ሜዳውን ለቀቀ። ከዚያ በኋላ በኢንተርናሽናል ሊግ ጥቁር ተጫዋች ሳይታይ ከግማሽ ምዕተ ዓመት በላይ አለፈ።

በዋናው ሊግ ጥቁሮችን የሚከለክል የተጻፈ ሕግ አልነበረም። ያልተጻፈው ስምምነት ግን ከተጻፈው ይልቅ ጸንቶ ኖረ። ጥቁሮች የራሳቸውን ሊጎች መሥርተው በራሳቸው ተመልካች ፊት ይጫወቱ ነበር። ሮቢንሰንም ከጦር ሠራዊቱ ከተሰናበተ በኋላ በ1945 በወር 400 ዶላር እየተከፈለው ካንሳስ ሲቲ ሞናርክስ ለተባለው የጥቁሮች ሊግ ቡድን ተጫወተ።

በዚያው ዓመት ነሐሴ 28 ቀን የብሩክሊን ዶጀርስ ፕሬዚዳንት ብራንች ሪኪ ወደ ቢሯቸው አስጠሩት። ሪኪ መድልዎን የሚጠሉ ሃይማኖተኛ ነበሩ፤ በዚያው ልክ ጥሩ ተጫዋች ጥሩ ገቢ እንደሚያመጣ የሚያውቁ ነጋዴም ነበሩ። ለሦስት ሰዓት ያህል በዘለቀው ውይይት እየተነሡ እንደ ተሳዳቢ ተመልካች፣ እንደ ክፉ የሆቴል ሠራተኛ፣ እንደ ተደባዳቢ ተጋጣሚ ሆነው እየተወኑ ሮቢንሰንን ፈተኑት። የጠየቁት ነገር ከባድ ነበር፤ ቢሰድቡትም ቢመቱትም አጸፋውን እንዳይመልስ። በፎርት ሁድ ወንበሩን አልለቅም ያለው ሰው ቃል ገባ። ኦክቶበር 23 ቀንም ለዶጀርስ ተጫዋቾች በሚያበስለው በሞንትሪያል ሮያልስ መፈረሙ ይፋ ሆነ። ደመወዙ በወር 600 ዶላር ነበር። ሪኪ ሞንትሪያልን የመረጡት የአሜሪካ የመድልዎ ሕግ የማይሠራባት ከተማ በመሆኗም ጭምር ነው።

የፍሎሪዳ የተቆለፉ ሜዳዎች

ጃኪና ሬቸል በፌብሩዋሪ 10 ቀን 1946 ተጋቡ። ሁለት ሳምንት ያህል ቆይተው የሮያልስ ልምምድ ወደሚጀመርበት ወደ ፍሎሪዳ ግዛት ተነሡ። እናቱ ማሊ በካርቶን የተጠበሰ ዶሮና የተቀቀለ እንቁላል ቋጠረችላቸው። ሙሽሮቹ አፈሩበት። በጉዟቸው ጥቁር የሚያስተናግድ ምግብ ቤት ሲያጡ ግን ያበላቸው ያው የእናት ስንቅ ነበር። በኒው ኦርሊንስ ከአውሮፕላን አስወርደዋቸው ቦታቸውን ለሌላ ሰጡ፤ በፔንሳኮላም ይኸው ተደገመ። የቀረውን መንገድ በአውቶቡስ ሲጓዙ ሾፌሩ ወደ ኋላው ወንበር እንዲሄዱ አዘዘ። ሮቢንሰን በዚህ ጊዜ ተነሥቶ ሄደ። ለሪኪ የገባው ቃል ነበረና። ሬቸል በጨለማው ውስጥ ድምፅዋን አጥፍታ አለቀሰች።

ልምምዱ በተጀመረበት በሳንፎርድ ከተማ ጥቁር ከነጭ ጋር እንዳይጫወት ዛቻ በመምጣቱ ጥንዶቹ በችኮላ ወደ ዴይቶና ቢች ተወሰዱ። በጃክሰንቪል ጨዋታው በተያዘበት ቀን የስታዲየሙ በር በቁልፍ ተዘግቶ ተገኘ። በዴላንድ ደግሞ የሜዳው መብራት ተበላሽቷል ተብሎ ጨዋታው ተሰረዘ፤ ጨዋታው ግን በቀን ብርሃን የሚካሄድ ነበር። ወደ ሳንፎርድ ተመልሰው ጨዋታ በጀመሩበት ቀንም የፖሊስ አዛዡ ሜዳ ገብቶ ሮቢንሰን እንዲወጣ አስደረገ።

ከፍሎሪዳ ከተሞች መካከል የተለየችው ዴይቶና ቢች ነበረች። በዚያ ሜሪ ማክሊዮድ ቤቱን የተባሉት ዝነኛ ጥቁር አስተማሪ የመሠረቱት ኮሌጅ ይገኛል፤ የጥቁሩ ማኅበረሰብም በከተማዋ ፖለቲካ ድምፅ ነበረው። በማርች 17 ቀን 1946 በሲቲ አይላንድ ሜዳ ሮያልስ ከዶጀርስ ጋር ሲጫወት ሮቢንሰን ተሰለፈ። ጥቁር ተመልካቾች በተከለለላቸው ቦታ ተጨናንቀው አዩት። ሜዳው ዛሬ በስሙ ይጠራል፤ እስከ አሁንም የአንድ ንዑስ ሊግ ቡድን መጫወቻ ነው።

የሮያልስ አሠልጣኝ ክሌይ ሆፐር የሚሲሲፒ ግዛት ሰው ነበሩ። ጥቁር ተጫዋች እንዳይሰጧቸው ሪኪን ለምነው ነበር። ሪኪ አልሰሟቸውም።

ጀርሲ ሲቲ፣ ኤፕሪል 18

የኢንተርናሽናል ሊግ ውድድር በዚያ ዓመት ስምንት ቡድኖች ነበሩት። ከሞንትሪያልና ከቶሮንቶ በስተቀር ሁሉም የአሜሪካ ነበሩ፤ ጀርሲ ሲቲ፣ ኒውአርክ፣ ባልቲሞር፣ ሲራኪዩስ፣ ሮቸስተርና ቡፋሎ። የሮያልስ የመጀመሪያ ጨዋታ በጀርሲ ሲቲ በሚገኘው ሩዝቬልት ስታዲየም ተደረገ። ከስታዲየሙ አቅም እጅግ የሚበልጥ ትኬት ተሸጦ ነበር።

ሮቢንሰን የመጀመሪያ ተራው ሲደርስ የመታት ኳስ በቀላሉ ተያዘች። ሁለተኛ ተራው ላይ ሁለት የቡድን ጓደኞቹ ቤዝ ላይ ቆመው ይጠብቁ ነበር። ወርዋሪው የላካትን ኳስ ከአጥር ውጭ ሰደዳት። እንዲህ ያለው ምት ሆም ረን ይባላል፤ መቺውም በቤዝ ላይ ያሉትም ሁሉ ዞረው ነጥብ ያስቆጥራሉ። ሮቢንሰን ዙሩን ጨርሶ ሲደርስ ቀጣዩ መቺ ጆርጅ ሹባ በመድረሻው ቆሞ እጁን ዘረጋለት። ነጩና ጥቁሩ ተጫዋች በሕዝብ ፊት ሲጨባበጡ የተነሣው ፎቶግራፍ ዛሬም ድረስ ይታያል። በእለቱ ሮቢንሰን ከአምስት ተራ በአራቱ ኳሷን በሚገባ መትቶ አራት ጊዜ ነጥብ አስቆጠረ፤ ሁለት ጊዜም ወርዋሪውን አዘናግቶ ቤዝ ሰረቀ። ሮያልስ 14 ለ 1 አሸነፈ።

ደ ጋስፔ ጎዳና

ጥንዶቹ በሞንትሪያል ቤት ለመከራየት ሲወጡ በፍሎሪዳ የለመዱትን ፊት ማዞር ጠብቀው ነበር። ፈረንሳይኛ ተናጋሪዎች በሚኖሩበት ሠፈር፣ በደ ጋስፔ ጎዳና ያገኟት አከራይ ግን ሬቸልን ሻይ አቅርባ ተቀበለቻት፤ ቤቷንም ከነዕቃው ሰጠቻት። ሬቸል የመጀመሪያ ልጃቸውን ፀንሳ ነበር። የሠፈሩ ሴቶች የእርግዝና ልብስ በመስፋት ረዷት፤ ምግብ በኩፖን በሚታደልበት በዚያ ወቅትም ከራሳቸው ኩፖን እያነሡ አካፈሏት። ቋንቋ ባያግባባም ጉርብትናው አግባባቸው።

ቡድኑ ከሞንትሪያል ሲወጣ ግን ነገሩ ሌላ ነበር። ከሊጉ ከተሞች ሁሉ በደቡብ በምትገኘው ባልቲሞር፣ ሬቸል ከተመልካቾች መካከል ተቀምጣ ባሏ ላይ የሚወርደውን ስድብ ሰማች። በሲራኪዩስ አንድ ተጋጣሚ ጥቁር ድመት ወደ ሜዳ ለቅቆ ዘመድህ መጣ እያለ አላገጠበት። ሮቢንሰን መልስ አልሰጠም፤ ኳሷን መትቶ ሮጠ። ዝምታው ግን በነጻ አልተገኘም። በክረምቱ ማብቂያ እንቅልፍና ምግብ እምቢ አሉት። ሐኪሙ ጭንቀት የወለደው ድካም መሆኑን ነግሮ ዕረፍት አዘዘለት።

በዚያ ዓመት ፈተናው የእርሱ ብቻ አልነበረም። ዶጀርስ ያስፈረማቸው ሮይ ካምፓኔላና ዶን ኒውኮምብ በኒው ሃምፕሸር ግዛት በናሹዋ ከተማ፣ በኒው ኢንግላንድ ሊግ ይጫወቱ ነበር። በአንድ ጨዋታ አሠልጣኙ በዳኛ ከሜዳ ሲባረር ካምፓኔላ ተተክቶ ቡድኑን መራ። በትንሽ ከተማ ሜዳ፣ አንድ ጥቁር ነጭ ተጫዋቾችን ለጥቂት ሰዓት አዘዘ።

የውድድሩ ዘመን ሲያበቃ ሮቢንሰን በ0.349 የምት አማካይ የሊጉ ቀዳሚ መቺ ሆነ፤ 113 ጊዜም ነጥብ አስቆጠረ። ሮያልስ 100 ጨዋታዎችን አሸንፎ ሊጉን በሰፊ ልዩነት መራ። በደ ሎሪሚየር ስታዲየም በዓመቱ ቡድኑን ያየው ሕዝብ ከ400,000 በላይ ነበር።

ሉዊቪልና የሞንትሪያል መልስ

የንዑሳን ሊጎች ታላቁ ፍጻሜ ሮያልስን ከኬንታኪ ግዛቱ ሉዊቪል ቡድን ጋር አገናኘ። የመጀመሪያዎቹ ሦስት ጨዋታዎች በሉዊቪል ፓርክዌይ ሜዳ ነበሩ። ለጥቁሮች የተፈቀደው ወንበር ጥቂት ስለ ነበር ብዙዎች ከውጭ ቀሩ። ሮቢንሰን ወደ ሜዳ በወጣ ቁጥር ጩኸቱ ያይል ነበር። በሦስቱም ጨዋታዎች የተሳካለት ምት አንድ ብቻ ሆነ፤ ሉዊቪልም ሁለቱን አሸነፈ።

የሞንትሪያል ሕዝብ ይህን በጋዜጣ አንብቦ ነበር። ቡድኖቹ ወደ ካናዳ ሲሻገሩ የሉዊቪል ተጫዋቾች እያንዳንዳቸው ኳስ ለመምታት በወጡ ቁጥር ስታዲየሙ በጩኸት ተቀበላቸው። ሮቢንሰን በሰው ጩኸት የሚደሰት አልነበረም፤ ይሁን እንጂ አንድ ከተማ ስለ እርሱ ክብር ሲቆጣ ሲያይ ልቡ ሞላ። በአራተኛው ጨዋታ የማሸነፊያዋን ነጥብ ያስገኘው የእርሱ ምት ነበር። ሮያልስ ሦስቱን ጨዋታዎች በተከታታይ አሸንፎ 4 ለ 2 በሆነ ውጤት ዋንጫውን ወሰደ። ሕዝቡም ሜዳውን አጥለቅልቆ ሮቢንሰንን በጎዳና ያሳደደው በዚያ ቀን ነው። ጥቁር ተጫዋች አልፈልግም ብለው የነበሩት አሠልጣኝ ሆፐርም ከመለያየታቸው በፊት እጁን ጨብጠው ምስጋናቸውን ነገሩት።

ከብሩክሊን በኋላ

በኤፕሪል 15 ቀን 1947 ሮቢንሰን በብሩክሊኑ ኤቤትስ ፊልድ ለዶጀርስ ተሰለፈ። በዚያው ዓመት የአዲስ ተጫዋቾችን ሽልማት፣ በ1949 ደግሞ የሊጉን ምርጥ ተጫዋች ክብር አገኘ። በ1955 ዶጀርስ ዋንጫውን ሲያነሣ ነበረበት። ከ1956 የውድድር ዘመን በኋላ ከጨዋታ ተሰናብቶ በ1962 በቤዝቦል የዝና አዳራሽ ስሙ ተመዘገበ።

ድሉ ግን ያስከፈለው ዋጋ ነበር። ሪኪ ሮቢንሰንን ሲወስዱ ለሞናርክስ አንድ ዶላር እንኳ አልከፈሉም። ምርጥ ተጫዋቾች ወደ ነጮቹ ሊግ ሲሄዱ ተመልካቹም ተከተላቸው። የጥቁሮች ብሔራዊ ሊግ ከ1948 በኋላ ፈረሰ፤ ከእርሱ ጋርም ጥቁሮች የሚያስተዳድሯቸው ቡድኖችና የሥራ ቦታዎች አብረው ጠፉ።

ሮቢንሰን ከሜዳ ከወጣ በኋላ ዝም የማለት ቃሉ አልያዘውም። በቡና ኩባንያ ምክትል ፕሬዚዳንትነት ሠራ፤ ለዜጎች መብት ትግል ገንዘብ አሰባሰበ፤ በ1963 በዋሽንግተኑ ታላቅ ሰልፍ ተገኘ፤ በሐርለምም የጥቁሮች ባንክ በማቋቋም ተካፈለ። በ1971 የበኵር ልጁ በመኪና አደጋ ሞተ። እርሱም በስኳር ሕመም ተጎድቶ ዓይኑ ደከመ። በኦክቶበር 15 ቀን 1972 በሲንሲናቲ ከተማ በተዘጋጀለት የክብር ሥነ ሥርዓት ላይ ምስጋናውን አቀረበ፤ አስከትሎም አንድ ቀን ጥቁር አሠልጣኝ ቡድን ሲመራ ማየት እንደሚመኝ በሕዝብ ፊት ተናገረ። ከዘጠኝ ቀናት በኋላ በ53 ዓመቱ ዐረፈ። የተመኘውን ሳያይ ቀረ፤ በዋናው ሊግ የመጀመሪያው ጥቁር አሠልጣኝ ፍራንክ ሮቢንሰን በክሊቭላንድ ሥራ የጀመረው በ1975 ነው።

የንዑስ ሊጉ ሜዳዎች አብዛኞቹ ዛሬ የሉም። የጀርሲ ሲቲው ሩዝቬልት ስታዲየም በ1985 ፈርሶ የመኖሪያ ቤቶች ተሠሩበት፤ በሞንትሪያሉ ስታዲየም ቦታም ትምህርት ቤት ቆሟል። የደ ጋስፔ ጎዳናው ቤት ግን አለ፤ ግድግዳው ላይ መታሰቢያ ጽሑፍ ተለጥፎበታል። ዋናው ሊግ በ1997 የሮቢንሰንን 42 ቁጥር ማልያ በሁሉም ቡድኖች ዘንድ ለክብሩ ሲል ከአገልግሎት አገደ።

የቤተሰቡ ጉዞ ግን በአሜሪካ አልተገታም። አያቶቹ በጆርጂያ በሰው መሬት ያረሱለት የመጨረሻ ልጁ ዴቪድ በ1980ዎቹ ወደ ታንዛኒያ ሄዶ በደቡባዊው የአገሪቱ ክፍል ቡና አምራች ገበሬ ሆነ። ማሊ ሮቢንሰን በ1920 አምስት ልጆች ይዛ ባቡር ስትሳፈር የሸሸችው የሌላ ሰው መሬት ከማረስ ነበር። የልጅ ልጇ በምሥራቅ አፍሪካ የራሱን ቡና ተከለ።